ጥሪ የሚጠብቅ ዓመት

መስከረም ሲጠባ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ትምህርት የሚጀመርበትን ሰኞ ያውቀዋል። ደብተሩ ተለብዷል፣ ዩኒፎርሙ ታጥቦ ተተኩሷል፤ ሰኞ ሲነጋ ቦርሳውን አንግቶ ይወጣል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን እንዲህ ያለ ሰኞ የለውም። ያለው ጥሪ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው «ግቡ» ብሎ የሚያወጣው ማስታወቂያ። «ግቢያችሁ ጠራ?» የሚለው ጥያቄ «እንኳን አደረሰህ» ከሚለው ቀጥሎ በየቤቱ የሚሰማ የዘመን መለወጫ ንግግር ከሆነ ሰነባብቷል። የተጠራው ሻንጣውን ያዘጋጃል፤ ያልተጠራው ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ ይውላል።

የእህቴ ልጅ ከጠባቂዎቹ አንዷ ናት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷን ያየች ዕለት እናቷ እልል ብላለች፤ ጎረቤት ተጠርቶ ቡና ተጠጥቷል፤ ለጉዞው ተብሎ ብርድ ልብስ ተገዝቷል። ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ ግን ስም የለውም። ሥራ አትቀጠር፣ ነገ ትጠራለች። ቋንቋ ወይም ኮምፒውተር ለመማር አትመዝገብ፣ ነገ ትጠራለች። እናቷ ለመንገድና ለመጀመሪያው ወር ብላ ያስቀመጠችውን ገንዘብ ላለመንካት በየሳምንቱ ከራሷ ጋር ትታገላለች። ከአንድ ቤት አልፎ በአገር ደረጃ ሲታይ ይህ ጊዜ የብዙ ሺህ ወጣቶች ጊዜ ነው። ስለ አዲሱ የትምህርት ዘመን ዜና ስንሰማ ስለ ቅበላና ስለ ምረቃ እንጂ ስለዚህ ጊዜ የሚናገር ብዙ ሰው የለም። እኔ ግን የከፍተኛ ትምህርታችን ሕመም ከሌላው ቦታ ይልቅ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል ብዬ አምናለሁ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ማስታወቂያውን ራሱን እናንብበው። የጥሪ ማስታወቂያ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው እምብዛም አይለያይም። መጀመሪያ የመግቢያና የምዝገባ ቀን ይነገራል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ተከታታይ ቀናት ናቸው። ቀጥሎ ይዛችሁ ኑ የተባለው ይዘረዘራል፤ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት ዋናውና ኮፒው፣ የብሔራዊ ፈተናው ውጤት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ከግርጌ ማሳሰቢያ አለ፤ ከተጠቀሰው ቀን ቀድሞም ሆነ ዘግይቶ የሚመጣ ተማሪ አይስተናገድም።

ይህችን የመጨረሻ መስመር ባነበብኩ ቁጥር ይቆጨኛል። ተቋሙ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሲያስጠብቅ የቆየው ተማሪ ከተጠራ በኋላ አንድ ቀን እንኳን አይታገሠውም። ማስታወቂያው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወጣው መግቢያው ሲቃረብ ነው። ከጂንካ ተነስቶ ጎንደር፣ ከጋምቤላ ተነስቶ ወልድያ የሚገባ ልጅ መንገዱ በአንድ ቀን አያልቅለትም፤ አዲስ አበባ ላይ የሚያድርበት ዘመድ መፈለግ አለበት። ኔትወርክ የሌለበት ቀበሌ የሚኖረው ደግሞ ማስታወቂያው መውጣቱን የሚሰማው ገበያ የወጣ ሰው ሲነግረው ነው። በዚህ መሐል በቴሌግራም የሐሰት ጥሪ ይሠራጫል፤ ዩኒቨርሲቲው «የእኛ አይደለም» እያለ ማስተባበያ ያወጣል። ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ ቢሆን ኖሮ ሐሰተኛ ማስታወቂያ ማንን ያታልል ነበር?

ቀኑ ለምን አይታወቅም?

ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን ትክክል አይደለም። የሬጅስትራር ሠራተኞች በመስከረምና በጥቅምት እንደሚደክሙት የሚደክም የመንግሥት ሠራተኛ ጥቂት ነው። ችግሩ የዩኒቨርሲቲው ዓመት የሚጀመርበት ቀን በዩኒቨርሲቲው እጅ አለመሆኑ ነው።

በ1983 ከአሥመራ ሌላ በአገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ነበሩ፤ አዲስ አበባና ያኔ ዓለማያ ይባል የነበረው ሐረማያ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ45 በላይ ናቸው። ለአብዛኞቹ ተማሪ የሚመድበው አንድ አካል፣ ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ምደባው ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሳይታወቅ አይነካም። ስለዚህ ፈተናው አንድ ወር ሲዘገይ ውጤቱ፣ ውጤቱ ሲዘገይ ምደባው፣ ምደባው ሲዘገይ ጥሪው ይዘገያል።

ፈተናው ምን ያህል እንደተንከራተተ ማስታወስ ይበቃል። በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተዘጉ። የዚያ ዓመት ፈተና የተሰጠው በ2013 የካቲት አልቆ መጋቢት ሲገባ ነው። የ2013ቱ ፈተና ወደ 2014 ተሻገረ፤ ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር መጀመሪያ ላይ ተሰጠ፤ ጦርነት በነበረባቸው አካባቢዎች ያሉ ተማሪዎች በሁለተኛ ዙር እስኪፈተኑ ተጨማሪ ወራት ጠበቁ። የ2014ቱ በጥቅምት 2015 ተሰጥቶ ውጤቱ የተነገረው በጥር ነበር። ያ ትውልድ መስከረምን፣ ገናንና ጥምቀትን እቤቱ ሆኖ ጠብቋል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው መሻሻል መመስገን ይገባዋል። የ2015ቱ ፈተና በሐምሌ ተሰጥቶ ውጤቱ በመስከረም መጨረሻ 2016 ወጣ። የ2016ቱ ውጤት በጳጉሜን ተነገረ። የ2017ቱ በመስከረም መጀመሪያ 2018። ሦስት ዓመት ሙሉ ፈተናው በክረምቱ መግቢያ ላይ ረግቶ ቆይቷል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የተሰበረ አጥንት ቦታው ሲመለስ እንደማለት ነው። ይሁን እንጂ አጥንቱ ቢመለስም ልማዱ አልተመለሰም። ውጤቱ ከሞላ ጎደል በታወቀ ጊዜ መውጣት ሲጀምር ጥሪው አሁንም እንደ ድንገተኛ ዜና ይወጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ከ2014ቱ ፈተና ጀምሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች የሚፈተኑት በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። በ2008 ፈተናው ተሰርቆ ሙሉ በሙሉ እስከመሰረዝ ደርሷል፤ ከዚያ በኋላም ኩረጃው ጥርስ አውጥቶ ነበር። ተፈታኙን ከሰፈሩ አውጥቶ ዶርም አስገብቶ መፈተን ኩረጃውን በእጅጉ ቀንሶታል። ነገር ግን ዋጋ አለው፤ የተፈጥሮና የማኅበራዊ ሳይንስ ተፈታኞች በተለያየ ዙር ሲገቡ መደበኛው ተማሪ ግቢውን መልቀቅ ይኖርበታል። ዶርሙ፣ ካፌው፣ የመማሪያ አዳራሹ ለፈተናው ይሰጣል። የዩኒቨርሲቲው መምህር ፈታኝ ሆኖ ወደ ሌላ ከተማ ይላካል። ስለዚህ የሁለተኛው ሴሚስተር መዝጊያ በፈተናው ቀን ይለካል። በዚህ ላይ ተመራቂዎች የሚፈተኑት የመውጫ ፈተና አለ፤ የማካካሻ ትምህርት የሚወስዱት የሬሜዲያል ተማሪዎች ፈተና አለ። ግቢው ዓመቱን ሙሉ ፈተና የሚስተናገድበት አዳራሽ ሲሆን የማስተማሪያው ሳምንት ከሁለቱም ጫፍ ይሸረፋል።

የጸጥታው ጉዳይ ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። ከጥቅምት 2013 በኋላ በትግራይ ያሉት የመቀሌ፣ የአክሱም፣ የአዲግራትና የራያ ዩኒቨርሲቲዎች በጦርነቱ ምክንያት ከሁለት ዓመት በላይ ከመደበኛ ሥራቸው ተለይተው ቆይተዋል። በ2014 ወሎና ወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘርፈውና ተሰባብረው ነበር የተገኙት። በ2016 በአማራ ክልል ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በግጭቱ ሳቢያ ተማሪዎቻቸውን ለወራት ሳይጠሩ ቆይተዋል። መንገዱም ሰላም አልነበረም። በኅዳር 2012 ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወጥተው ወደ ቤታቸው ሲጓዙ የታገቱትን ተማሪዎች፣ በሰኔ መጨረሻ 2016 ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ሲመለሱ ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ የተወሰዱትን ያልሰማ ወላጅ የለም። ጥሪ ሲወጣ ደስታና ፍርሃት አብረው የሚገቡት ለዚህ ነው። የእህቴ ልጅ የተመደበችበትን ስትሰማ እናቷ መጀመሪያ የጠየቀችው «ምን ትማሪያለሽ?» ብላ አይደለም። «በየት በኩል ነው የሚኬደው?» ነው ያለችው።

የጠበበው ሴሚስተር

ዘግይቶ የገባ ተማሪ የሚያጣው ምንድን ነው? ሰው ሁሉ «ጊዜ» ይላል። እኔ ከጊዜም የከፋ ነገር ያጣል ባይ ነኝ።

ከ2012 ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በቀጥታ ወደ ትምህርት ክፍል አይገባም። አንድ ዓመት የጋራ ትምህርት ይማራል፤ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊና ታሪክ፣ የመሳሰሉትን። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ከተለያየ ትምህርት ቤት የመጣውን ልጅ ወደ አንድ ሚዛን ማምጣት። ነገር ግን ሕክምና፣ ምሕንድስና ወይም ሌላ የሚፈለግ የትምህርት ክፍል የሚገባው ማን እንደሆነ የሚለይበት ሚዛንም ይኸው የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ሆኗል። አንድ ሴሚስተር በተለመደው አሠራር 16 ሳምንት ነው። ዘግይቶ የተጠራ ተማሪ ሴሚስተሩ ሲታጨቅ ቅዳሜ ይማራል፣ ማታ ይማራል፣ አንድ ምዕራፍ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይነበብለታል፤ ሚድ ወዲያው ይመጣል፣ ፋይናል ተከትሎ ይደርሳል። በደህና ትምህርት ቤት የተማረው የከተማ ልጅ ይህን ይችለዋል፤ የሚያነበውን ከዚህ ቀደም አይቶታልና። ላቦራቶሪ ሳያይ ኬሚስትሪን የጨረሰው የገጠር ልጅ ግን የሚያስፈልገው ያ የተሸረፈው ጊዜ ነበር። የታጨቀ ሴሚስተር ለሁሉም እኩል አይታጨቅም።

ለተወሰነ ጊዜ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን አስተምሬ ስለማውቅ የማልረሳው አንድ ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከክፍሉ ግማሽ ያህሉ ዝም ይላል። ዝምታው ያለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ቋንቋው አዲስ ነው፣ አየሩ አዲስ ነው፣ ዶርም ውስጥ ከጎኑ የተኛው ልጅ የሚናገረውን አይረዳም፣ ካፌው የት እንደሆነ ለመጠየቅ ያፍራል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሳምንት እጅ መውጣት ይጀምራል። ያን ጊዜ ነው ማስተማር የሚጀመረው። ሴሚስተሩ ሲያጥር የሚቆረጠው መጨረሻው ይመስለን ነበር፤ እኔ ያየሁት ግን የሚቆረጠው ይህ መለማመጃ ነው። ልጁ ገና እጁን ሳያወጣ የመጀመሪያው ፈተና ይደርስበታል፤ የወደቀበት ውጤትም እስከ ምረቃ ትራንስክሪፕቱ ላይ ይኖራል።

በሐምሌ 2015 የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ ሲሰጥ ያለፉት ከተፈታኞቹ 40 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ፣ ከግል ተቋማት 17 በመቶ ገደማ። ያኔ ሁሉም ሰው መምህሩን ወይም ተማሪውን ወቀሰ። እነዚያ ተመራቂዎች ግን በኮሮናና በጦርነት ዓመታት ግቢ እየገቡና እየወጡ፣ ሴሚስተራቸው እየተቆራረጠና እየተጣበበ የተማሩ ናቸው። ይህን ሳይጨምር የሚደረግ የውጤት ትንታኔ ጎደሎ ነው።

ቁጥሩ ሲያንስ

ጥሪው የሚመለከተው ተማሪ ቁጥር ራሱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሥሩ ተለውጧል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በየዓመቱ ከመቶ ሺህ በላይ አዲስ ተማሪ ይመደብ ነበር። ፈተናው ወደ ግቢ ከገባና ማለፊያው 50 በመቶ ከሆነ በኋላ በ2014ቱ ፈተና ያለፉት ወደ 30 ሺህ፣ ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ወደ 27 ሺህ ወረዱ፤ 3.2 በመቶ። ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ከ36 ሺህ በላይ፣ በ2017 ወደ 49 ሺህ፤ 5.4 እና 8.4 በመቶ መሆኑ ነው። እየጨመረ ነው። ይሁንና 27 ሺህን ለ45 ዩኒቨርሲቲዎች ብናካፍል ለአንዱ የሚደርሰው 600 ልጅ ነው፤ በብዙ ሺህ አልጋ ታስቦ ለተሠራ ግቢ።

ጎዶሎውን ለመሙላት የመጣው የሬሜዲያል መርሐ ግብር ነው። ግማሹን ያላገኙ፣ ግን ከተወሰነ ነጥብ በላይ ያመጡ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ለጥቂት ወራት የማካካሻ ትምህርት ወስደው ዳግም ይፈተናሉ፤ ካለፉ አንደኛ ዓመት ይገባሉ። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ የገቡት በዚህ በር ነው። እኔ በዚህ አሠራር ላይ አልፈርድም፤ ያልተማሩትን እንዲማሩ ዕድል መስጠት ተገቢ ነው። ችግሩ የሬሜዲያል ተማሪ ሁለት ጊዜ ጥሪ መጠበቁ ነው። መጀመሪያ ለማካካሻው ይጠራል፤ ያልፍና ቤቱ ይመለሳል፤ ከዚያ እንደገና ለአንደኛ ዓመት ጥሪ ይጠብቃል። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጓደኛው በአንድ ዓመት ወደኋላ መቅረቱ ሳያንስ የመንገድ ወጪውንም ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ብዙ ቤተሰብ ሁለተኛውን ክፍያ ሲያደርግ በግ ወይም እህል ሽጦ ነው።

የተማሪው ማነስ አንድ መልካም አጋጣሚ ይዞ ነበር የመጣው። ቁጥሩ ሲያንስ ክፍሉ ይሰፋል፣ መምህሩ ስም ያውቃል፣ ኮምፒውተሩ ይዳረሳል። ቀኑን አስቀድሞ ቆርጦ ማሳወቅም ይቀላል፤ 600 ልጅ ለመቀበል 5 ሺህ ለመቀበል የሚያስፈልገው ዝግጅት አያስፈልግም። ይህ አጋጣሚ ግን በአብዛኛው አልተያዘም። ስለ ተማሪ ማጣት የሚሰማው ወሬ በአመዛኙ ስለሚታጠፉ የትምህርት ክፍሎችና ሥራ ስለሚፈቱ መምህራን ነው።

ካፌውና ፊርማው

ጥሪው ለምን ይዘገያል ብሎ ለጠየቀ ሰው የበታች ሹማምንት የሚሰጡት አንዱ መልስ «ምግብ አልቀረበም» የሚል ነው፤ ይህን መልስ መናቅ አይገባም። ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ለሺዎች ቁርስ ይቀርባል። እህሉ፣ ዘይቱ፣ ሽሮው፣ ማገዶው በጨረታ ይገዛል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ጨረታ ወጥቶ፣ ተወዳድሮ፣ ውል ተፈርሞ እህሉ መጋዘን እስኪገባ ክረምቱ ያልቃል። ዋጋ ሲንር አሸናፊው ነጋዴ ውሉን ጥሎ ይሄዳል፣ ጨረታው ይደገማል።

ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ ለረጅም ዓመታት የተመደበው 15 ብር ነበር። ኋላ 22 ብር ሆነ። በ2017 ወደ 100 ብር አደገ። 22 ብር ለሦስት ጊዜ ማዕድ ሲካፈል ለአንድ ማዕድ 7 ብር ከጥቂት ሳንቲም ነው፤ አንድ ስኒ ቡና የማይገዛ ገንዘብ። ግቢዎቹ በዚህ ገንዘብ ተማሪ ሲመግቡ የቆዩት እንዴት እንደሆነ የሚያውቁት የካፌ ሠራተኞቹና ውኃ የበዛበትን ወጥ የበሉት ተማሪዎች ናቸው። አሁን ያለው 33 ብር ገደማ ለአንድ ማዕድ ነው። ጭማሪው ትልቅ ነው፤ ገበያው ግን አብሮት ሮጧል።

ይህ ምግብ ነጻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ተማሪውም ቢሆን ነጻ እንዳልሆነ የሚረዳው ሲመረቅ ነው። ከ1996 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የወጪ መጋራት አሠራር መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ከተመረቀ በኋላ ይከፍላል፤ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ። ውሉን የሚፈርመው በምዝገባው ግርግር መካከል ነው። ከረጅም ሰልፍ በኋላ፣ ሻንጣውን በእግሩ መሐል አቁሞ፣ «እዚህ ላይ ፈርም» ሲባል ይፈርማል። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ በሕይወቱ የመጀመሪያውን የዕዳ ውል ሳያነበው ይፈርማል ማለት ነው። የምግብ በጀቱ ከ22 ወደ 100 ሲያድግ የምግቡ ወጪ፣ ያም ተማሪው ነገ የሚከፍለው፣ አብሮ ማደጉን የነገረው አለ? ይህን በጥሪ ማስታወቂያው ላይ ከብርድ ልብሱና ከአንሶላው ጎን በሁለት መስመር መጻፍ ምንም አይከብድም። ቤተሰቡ አንብቦ፣ ተወያይቶ፣ ልጁን አዘጋጅቶ ይልካል።

መናኸሪያው

አስቸጋሪውን ብቻ አውርቼ ማለፍ አልፈልግም፤ በዚህ ሁሉ መሐል የሚያምር ነገር አለና። ጥሪ በተባለበት ቀን የዩኒቨርሲቲ ከተማ መናኸሪያ ሄዳችሁ ቁሙ። የዩኒቨርሲቲው አውቶቡሶች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ነባር ተማሪዎች ባነር ይዘው ይቆማሉ። የተማሪዎች ኅብረት፣ የግቢ ጉባኤው፣ ጀመዓው፣ የወንጌላውያን ተማሪዎች ኅብረት፣ ሁሉም የራሱን ጠረጴዛ ዘርግቷል። አንዱ ሻንጣ ይሸከማል፣ አንዱ ውኃ ይሰጣል፣ አንዱ «ዶርምሽ የት ነው?» ይላል። ከመኪናው የወረደችው ልጅ ዐይኗ ሲዞር አንዲት ነባር ተማሪ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ስታናግራት ፊቷ የሚለወጠውን ለውጥ ያየ ሰው ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሆነ ይገባዋል።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ «የቃል ኪዳን ቤተሰብ» የሚባል አሠራር አለ። ከሩቅ የመጣው ተማሪ ከከተማው ነዋሪ ቤተሰብ ጋር ይተዋወቃል፤ በዓል ሲሆን ቤታቸው ይበላል፣ ሲታመም ይጠይቁታል፣ እነሱም ወላጆቹን በስልክ ያገኛሉ። ብዙ ስብሰባና ስልጠና ያላመጣውን መተማመን አንድ የፋሲካ ዶሮ ወጥ ያመጣዋል። በ2011 እና በ2012 ግቢዎች በብሔር ግጭት ሲታመሱ የነበሩትን ወራት ለሚያስታውስ ሰው ይህ የዋዛ ነገር አይደለም። ልጁን ወደማያውቀው ከተማ የሚልክ ወላጅ «እዚያ እናት አለችው» ብሎ ማሰብ ሲችል ፍርሃቱ በግማሽ ይቀንሳል።

ይህ አቀባበል ግን የሚሳካው ቀኑ ሲታወቅ ነው። ነባሮቹ ከአዲሶቹ ቀድመው መግባት አለባቸው። የከተማው ቤተሰብ መዘጋጀት አለበት። የአንደኛ ዓመት መምህራን ተመድበው ስለ ተማሪው መነጋገር አለባቸው። ጥሪው ድንገተኛ ሲሆን ተቀባዩም እንግዳውም እኩል ግራ ይጋባሉ፤ በረንዳ ላይ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ የሚያድር ልጅ የሚኖረው በእንዲህ ያለው ሳምንት ነው።

ምን ሊደረግ ይችላል? በኔ እምነት አብዛኛው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ፈተናው በክረምቱ መግቢያ ላይ ከረጋ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ስለዚህ ትምህርት ሚኒስቴር የውጤት፣ የምደባና የአንደኛ ዓመት መግቢያ ሳምንትን በአንድ ላይ በሰኔ ማሳወቅ ይችላል። ከዚያ ቀን የሚያዘገይ ነገር ቢመጣ፣ ጦርነትም ይሁን ሌላ፣ መዘግየቱ ከነምክንያቱና ከነአዲሱ ቀን ለቤተሰብ ይነገር። ዝምታው ነው የሚጎዳው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ራስ ገዝ ሆኖ ከዚያ ወዲህ ተማሪውን በራሱ የመግቢያ ፈተና መቀበል ጀምሯል፤ ሌሎችም ወደዚያ እንዲሄዱ ታቅዷል። ስለ ራስ ገዝነት የሚነሳው ክርክር ሁሉ ስለ ክፍያና ስለ ደሃው ልጅ ነው፤ ክርክሩ ተገቢ ነው፣ እኔም ስጋቱን እጋራለሁ። ግን ራስ ገዝ የሆነ ተቋም የመጀመሪያው ነጻነቱ የራሱን የትምህርት ካላንደር መቁረጥና ቃሉን መጠበቅ መሆን ነበረበት።

የመግቢያው ጊዜም ሁለትና ሦስት ቀን ሳይሆን ሙሉ ሳምንት ይሁን። ዘግይቶ የመጣውን የሚያስተናግድ አንድ መስኮት ይከፈት፤ የሩቅ ልጅ መንገድ ላይ መኪና ቢሰበርበት ዓመቱ አብሮ አይሰበር። ማስታወቂያው ከኢንተርኔት በተጨማሪ በሬዲዮ፣ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና በተማረበት ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የወጪ መጋራቱ ውል ከጥሪው ጋር አብሮ ይውጣ፤ በየቤቱ ቋንቋ ቢሆን ደግሞ የተሻለ።

ይህን ጽሑፍ በምጨርስበት ዕለት እህቴ ደውላ ነበር። ግቢው ገና አልጠራም። ብርድ ልብሱ ከነላስቲኩ ቁም ሳጥን ላይ ነው፤ ትራንስክሪፕቱ ኮፒ ተደርጎ ፖስታ ውስጥ ገብቷል፤ ጉርድ ፎቶው ተነስቷል። ልጅቷ ደግሞ ጎረቤት ላሉ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ ማስጠናት ጀምራለች። «እስክትጠራ ድረስ ብቻ» ብላ ነው የጀመረችው። ልጆቹ ፈተናቸው በኅዳር ስለሆነ እስከዚያ እንዳትሄድባቸው እየለመኗት ነው አለችኝ።